አባቴ ያነበበልኝ ቁራ

እርጥበት የነካው መጽሔት ሲሸተኝ፣ ጎንደር ከደብሩ ቅጥር ጋር የሚዋሰነው ቤታችን ዛሬም ድንገት ይመጣብኛል። አባቴ ከቤተ ክህነት የትርጓሜ ትምህርት ወጥቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሆነ፣ በወፍ ፍቅር የተለከፈ ሰው ነበር፤ አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወዳገሩ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ወፎች የሚጻፍበትን የእንግሊዝኛ መጽሔት በፖስታ ይልክለት ነበር።

ክረምት መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ፖስታው ይዘገይና፣ መስከረም ሲጠባ መጽሔቶቹ ተከማችተው ይደርሱ ነበር። አባቴ የድሮ ልማዱ አልለቀቀውምና፣ እንግሊዝኛውን እንደ ግዕዝ ንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብና፣ «እንዲህ ሲል ነው፤ አንድም እንዲህ ሲል ነው» እያለ ይተረጉምልኝ ነበር። እናቴ ለዳክዬም ትርጓሜ ተገኘላት እያለች ትስቅበት ነበር፤ እኔ ግን ከአፉ የወጣውን ሁሉ እንደ ወንጌል አምን ነበር።

በጋ ሲገባ ማጅራቱ ነጭ የሆነ ቁራ ከነሚስቱ ከደብሩ ጥዶች ባንዱ ላይ ጎጆ ሠራ። ቅጥሩ ውስጥ የተጠጋ ነፍስ ሁሉ በታቦቱ ጥላ ሥር ነው ስለሚባል፣ በወንጭፍ ያስቸገሩን ልጆች እንኳ እዚያ ድንጋይ አያነሱም ነበር። ጎጆውን ከቅጠሉ ለይቼ ያየሁት እኔ ነኝ፤ የነገርኩትም ለአባቴ ብቻ ነው። «ሸጋ ዓይን አለሽ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ለጥምቀት ሰሞን በዚያው መጽሔት ላይ የሚጽፍ ሌላ ፈረንጅ መጥቶ እኛ ቤት አረፈ። በከተራ ታቦቱ ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወርድ፣ ካህናቱም ሕዝቡም አጅበውት ሲሄዱ፣ አባቴ ራሴን አሞኛል ብሎ ከእንግዳው ጋር ቀረ። በዓሉን ለማድመቅ ጥይት ሲተኮስ ስለዋለ፣ ወደ ደብሩ በኩል ቢተኮስም ልብ የሚል ሰው አልነበረም። ታቦቱ ሲገባ ወደ ጥዱ ሮጥኩ፤ ጎጆው አለ፣ ቁራዎቹ ግን የሉም። አባቴ የእህል ገበያው ስቧቸው ወደ ማክሰኝት ወርደው ይሆናል አለኝ፤ እኔም እስከ ፋሲካ ሽቅብ እያየሁ ጠበቅኋቸው።

ክረምቱ ሲወጣ የእንግዳው ጽሑፍ ደረሰ። ጸሐፊው አባቴን በስሙ ጠርቶ አመስግኖት ስለነበር፣ አባቴ ያንን መስመር ፊቱ እየበራ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያም ቁራዎቹ ወደ ጎጆአቸው ይመለሳሉ እንደሚል ተረጎመልኝና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አድጌ እንግሊዝኛ ስችል ያንን መጽሔት ከሣጥን አውጥቼ ራሴ አነበብኩት። ወንዱና ሴቷ በጥይት መውረዳቸውን፣ ቆዳቸው ተገፎ ወደ ሙዚየም መላኩን፣ ዛፉን ያሳየውና የቅጥሩን በር የከፈተው መምህር ወዳጁ መሆኑን ይናገራል። ይመለሳሉ የሚል ቃል የትም የለም።

መጽሔቱን እንደያዝኩ ፊቱ ቆምኩ።

«ምነው አባዬ?»

«ታቦቱ እኮ በመንበሩ አልነበረም» አለኝ።

ቀኑን አስቦ የመረጠው እሱ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለቁራዎቹ አለቀስኩ፤ ቅስሜን የሰበረው ግን የከዳኝ አባቴ መሆኑ ነበር።

ያኔ እሱ ሲያነብ እኔ አዳምጥ ነበር፤ ዛሬ ዓይኑ ስለደከመ የመጽሔቶቹ አንባቢ እኔ ነኝ። ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ቦታ ስደርስ፣ እሱን እለፊው ልጄ ይለኛል። እኔ አንዲት ቃል ሳላስቀር አነብለታለሁ።