ሳልጠብቃት የተሠራች መኪና

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ባለመኪናው ጋዜጣውን ይዞ ይመጣል፣ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል፣ መካኒኩ እጁን ባስገባበት ሁሉ ዓይኑን ያስገባል። ምሳውን እዚያው የሚያስመጣም ነበር። ለሽንት ዞር ቢል እንኳ ደህናው ዕቃ ወልቆ በአሮጌ ይተካብኛል ብሎ ይሰጋል። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አልነበረም። እኔ ግን አልጠበቅሁም፤ መካኒኩ ወንድሜ ነበረና።

ወንድሜ ስል የእናቴን ልጅ ማለቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ቤት ተሰብስበን የምንጸልይ ስምንት ሰዎች ነበርን። ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ ያስነቃል ብለን ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንገባለን። መዝሙሩን የምንዘምረው በከንፈራችን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተበትኖ ይቀመጣል፤ በሩ ከተንኳኳ መጽሐፍ ቅዱሱ ሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ይገባና ሁላችንም ቁማርተኞች እንሆናለን። መካኒኩ የካርታ አያያዝ አልሆንለት ብሎ ስንት ቅዳሜ አስተማርኩት። ጣቶቹ ከግራሶ ጠርተው ስለማያውቁ ንጉሡም ንግሥቲቱም የእሱ አሻራ አለባቸው እያልን እንስቅበት ነበር።

መኪናዬ ከአባቴ የወረስኳት ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ ናት። ዝዋይ እናቴን ጠይቄ ስመለስ ከዓለም ጤና ትንሽ አለፍ እንዳልኩ ውሃዋ ፈልቶ ቀጥ አለች። ፀሐዩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ ስንቱ አለፈኝ። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አንድ ሾፌር በኦሮምኛ “አካም” ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ቆመልኝና በገመድ አስሮ ናዝሬት ድረስ ጎተተኝ። ጋራዡ በር ላይ ስደርስ ከአቧራው የተነሳ ፊቴ አይለይም ነበር።

መካኒኩ ከፍቶ አየና የውሃ ፖምፓው ሞቷል አለኝ። አዲሱን የሚያውቀው ነጋዴ ዘንድ አዲስ አበባ ሰው ልኮ እንደሚያስመጣ ነገረኝ። እኔም ቁልፉን ሰጥቼው ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጎማው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን መኪና የሚጠብቁ አንድ የወሎ ሰው፣ የታክሲ ባለቤት፣ ምን ዓይነት ሞኝ ነው በሚል ዓይን ሲሸኙኝ ትዝ ይለኛል።

በአራተኛው ቀን መኪናዋ ደረሰች። ሒሳቡ መቶ ሰማንያ ብር ነው ተባልኩ። መዋጮው ሁሉ ተቆራርጦ እጄ ላይ ከሚደርሰው ደሞዝ የሚበዛው እዚያው አለቀ ማለት ነው። ከመምህራን ተበድሬ ከፈልኩ። ከበሩ ሳልርቅ የታክሲው ባለቤት በመስኮት በኩል ጎንበስ አሉና፣ “መምህር፣ አዲስ ፖምፓ ሲመጣ አላየሁም። ያንተኑ በቤንዚን አጥቦ ሲመልሰው ግን አይቻለሁ” አሉኝ።

ያን ሳምንት ደክሞኝ ነበር። የፈተና ወረቀት አለ፣ የስኳር ሰልፍ አለ፣ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ደግሞ ማንም ቢሆን ሲታለል አይወድም። ተመልሼ ገባሁና የወለቀውን አሮጌ ፖምፓ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ነጋዴው አሮጌውን ካልወሰደ አዲሱን እንደማይሰጥ፣ ስለዚህ እዚያው እንደቀረ ነገረኝ። ይህ በዚያን ጊዜ የተለመደ ነው፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ሲነግረኝ ዓይኑን ወደ እኔ ሳያነሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበርና አላመንኩትም። ታጥቦ የተመለሰው ፖምፓስ የማነው አልኩት። “አንተም እንደ ሌላው ሰው ልትጠብቀኝ ነው እንዴ?” አለኝ።

“እንግዲያው ቀበሌ እንገናኝ” አልኩት።

ለሌላ ሰው ይህ ተራ ንግግር ነው። በገንዘብ የተጣላ ሁሉ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ይሄዳል። እኔና እሱ ግን ሊቀ መንበሩ ፊት ብንቆም የመጀመሪያው ጥያቄ ከየት ተዋወቃችሁ የሚል ነው። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ጴንጤዎች የት እንደሚሰበሰቡ ማጠያየቅ ከጀመረ ወራት አልፎት ነበር። ያን ሰሞን ሲጸልዩ የተያዙት ሁለት ልጆች ገና አልተፈቱም። አፌን አዳልጦኝ ነው ብል ውሸት ነው። የትኛው ቃል እንደሚያስፈራው አውቄ ነው የተናገርኩት።

ጨርቁን አስቀመጠ። ከጓዳው የቆርቆሮ ሣጥን አመጣና መቶ ሰማንያውን ብር እጄ ላይ ቆጠረልኝ። የእጁን ዋጋ እንኳ አላስቀረም። “ልጆች አሉኝ” ብቻ ነው ያለኝ። እኔም ተቀበልኩት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ከተናገርኩት ይልቅ ብሩን አጥፌ ኪሴ መክተቴ ነው።

በቅዳሜው አልመጣም። የምንሰበሰብባቸው እናት ከሁላችንም እኔ እንደምቀርበው ያውቃሉና ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኳቸው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ቀረ። ያኔ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሰው ሲቀር ወይ ተይዟል ወይ እየተከታተሉት ነው፣ ለጊዜው ብንበተን ይሻላል አሉ። ያ ለጊዜው የተባለው ሰባት ወር ፈጀ። እናትየዋ ካርታውን ሲሰበስቡ ጥቁር ጣት ያረፈበትን አንዱን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሁሉም አደጋው ከውጭ የሚመጣ መስሏቸው ነበር። አደጋው ጫማውን ይዞ አብሯቸው እንደተቀመጠ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልነገርኳቸውም።

ጋራዡ በዚያው ወር ተዘጋ። ፖምፓው ግን መኪናዋን እስክሸጣት ድረስ ጠብ አላለም። አዲስ ነበር ማለት ነው? የታጠበም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። አላውቅም፣ አሁን አሁን ማወቁንም አልፈልገውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሞጆ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘሁት። እዚያ ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ እየሠራ ነበር። ሸብቷል። አጠገቤ ተቀመጠና መኪናዋ እንዴት ናት አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ሻዩን ብዙ አማሰለ።

“ያን ሰሞን አሥራ አንድ ቀን ቤቴ አላደርኩም” አለ። “ውሻ በጮኸ ቁጥር አንተ የላክሃቸው ይመስለኝ ነበር።”

አልሄድም ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያች ሰዓት የነበረኝን ንዴት ሳስታውስ አልሄድም ነበር ብዬ ለመማል አልደፈርኩም። እሱም ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ተነሳና የኔንም ሻይ ከፍሎ ወጣ።