ብረት የገባበት የአንለይ ጉልበት

መተማ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆኜ የገባሁ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ውበቱ መጋዝ ሰጡኝና «ቀርከሃ ቁረጥ» አሉኝ። የተሰበረ እግር መደገፊያውን የምንሠራው እኛው ነበርን። «ጄሶ ሲመጣ ሠርግ ነው፤ ሲያልቅ ቀርከሃ ነው» አሉ። በዚያ ሐሩር ላቤ ተረከዜ እስኪደርስ ስገዘግዝ ዋልሁ።

«እዚህ ማሰር እንጂ መጠገን የለም» ብለው አስጠነቀቁኝ። «ጉልበት አጠገብ የተሰበረ ከመጣ አስረህ ወደ ጎንደር ላክ። ካልደረሰ ጉልበቱ ደርቆ ይቀራል፤ በቃ።»

አብዛኛው አልደረሰም። ዘመኑ የጦርነት ነበርና መንገዱ ይዘጋል፣ መኪና ያለ አጀብ አይወጣም፣ ክረምት ከገባ ደግሞ ጭቃው አያሳልፍም። እግራቸው እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ የቀረ ስንት ጎልማሶች አሰናብቻለሁ።

አንለይ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሳሉግ ነበር፤ እኛ ዘንድ የወቅት ሠራተኛውን እንዲያ ነው የምንለው። ከትራክተር ተሳቢ ላይ ወድቆ ተሸክመው አመጡት። ጉልበቱ ቅል አክሏል። የቅልጥሙ አናት፣ ጉልበቱ የሚያርፍበት፣ መሰንጠቁን ስዳስሰው አወቅሁ።

«ጋሼ፣ ወጌሻ ይበቃኛል። ጎንደር ከሄድህ እግርህን ይቆርጡሃል ብለውኛል።»

«የሚቆረጠው እዚህ ከቆየህ ነው!» ብዬ ጮኽሁበት። «ለመሆኑ አገርህ ምን ትሠራለህ?»

«አርሳለሁ። እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም።»

«በደረቀ ጉልበት ታርሳለህ?»

ያበጠ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘና «እንግዲያው ውሰዱኝ» አለ።

ዕድሉ ቀና፣ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አብሬው ሄድሁ። የጎንደሩ ቀዶ ሐኪም ራጁን አይተው እኔንም ልብስ አስለውጠው አስገቡኝ። የሰመጠውን አጥንት ከሥር ደግፈው ቀስ ብለው አነሡት። ከዳሌው ትንሽ አጥንት ወስደው ክፍተቱን ሞሉ። ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት ከጎኑ ለጠፉና አጥንቱን በስተው ብሎኖቹን እንደ አናጺ በካቻቢቴ አጠበቁ። ጉልበቱን ሲያጥፉት እሺ ብሎ ታጠፈ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ከአሁኑ ጀምሮ ይጠፍ ይዘርጋ፤ እስኪድን ግን አይርገጥበት» አሉኝ። «ከዳነ ይሄዳል። ሩጫና ከባድ ሸክም ይቅርበት።»

አንለይ በክራንች ተመልሶ ጉልበቱን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ከረመ። ክራንቹንም ጣለ፤ ጥቂት ያነክሳል እንጂ ይሄዳል። «በል አሁን እናትህ ዘንድ ግባ» አልሁት።

«ባዶ እጄን? ምን ብዬ?»

ሳሉግ ባዶ እጁን አገሩ ከሚገባ ሞቱን ይመርጣል። አንለይም ሸሕዲ ከተማ የሠራተኛ ገበያ ወጣ። እዚያ ካቦው ሰው ሲቀጥር መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው። ቁጢጥ ብለህ ተነሣ፣ ጆንያ ተሸክመህ ተራመድ ይልሃል። አንለይ ይህን ስለሚያውቅ ላለማነከስ ጥርሱን ነክሶ ሲለማመድ ኖሯል፤ ለእኔ መች ነገረኝ!

ያን ዕለት ለክትባት ሸሕዲ ነበርሁ። ከገበያው ዳር ሳየው ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ካቦው ፊት ቀጥ ብሎ ይራመዳል። «ኧረ አውርድ፣ አንተ!» ልለው አፌን ስከፍት የወታደር መኪኖች ገበያውን ከበቡት።

ለጦር ግንባር ወጣት የሚለቀምበት አፈሳ ነበር። ጤነኛው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ማሽላው ውስጥ ገባ። አንለይ ጆንያውን ጥሎ እዚያው ቆመ። መሮጥ አይችልም።

ወደ መቶ አለቃው ሮጥሁ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ይህ ሰው ጉልበቱ ውስጥ ብረት አለበት። ለዘመቻ አይሆንም።»

አንለይ ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየ። ተራመድ ሲሉት አነከሰ፤ አሁን የእውነቱን ነበር።

መቶ አለቃው ሳቀ። «አሁን ጆንያ ተሸክመህ አላየሁህም? እኛን ስታይ ነው እንዴ የሚያምህ?»

«ጌታዬ፣ ለእንጀራ ብዬ ነው።»

«እንጀራው እኛም ዘንድ አለ። ውጣ!»

መኪናው ከፍ ያለ ስለነበር እግሩን ማንሣት አቃተው፤ ሁለት ወታደሮች ከሥር ገፍተው ጫኑት። ከላይ ሆኖ ፈለገኝና «ጋሼ፣ ለእናቴ እግሩ ገና አልዳነም በሏት» አለኝ። ወይ ነዶ! እሺ አልሁት።

ወሬው ጠፋ። እናቱ ለአጨዳ በሚወርድ የአገር ሰው ያስጠይቁኛል። እኔም አልዳነም ብዬ እልካለሁ። በዓመቱም ሌላ ሰው መጣ። እናቱ «አዬ፣ ምን ዓይነት ስብራት ነው?» ብለዋል አለኝ። ያንኑ መልሼ ላክሁ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ጉልበት ይጠገናል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየውን ማትረፍ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱን እኔ አልቻልሁበትም፣ የቻለም አላየሁ።