ፒያኖው እንዳይነካ ያልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። አሁን ንፋስ መውጫ ቁጭ ብዬ ሳስበው እልሁ ዛሬም አልበረደልኝም። ፊደሌ ጥሩ አይደለም፣ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ሥራዬ ፒያኖ መቃኘት ነበር። ያስተማረኝ አንድ አርመን ነው። እሱ ሲሞት የአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ይቅር፣ ፒያኖዎች በእኔ እጅ ወደቁ። ውሉ ግን ክፉ ነበር። ተማሪ ሲኖር ደሞዝ አለ፤ ክረምት ተማሪው ሲበተን ደሞዝ የለም። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ አገሬ ታች ጋይንት ሄጄ ገብሴን እዘራለሁ። ሚስቴና ልጆቼ እዚያው ናቸው፤ የሚበሉት ከዚያች ማሳ ነው።

አንድ ዓመት አለቃዬ ጠራኝ።

«ክረምት እርጥበቱ ፒያኖውን እያበላሸው ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ክረምቱንም እዚሁ ትሠራለህ።»

«ደሞዙስ ጌታዬ?»

«ክረምት ደሞዝ እንደሌለ ታውቃለህ።»

«እንግዲያው ሄጄ አርሳለሁ።»

«ከሄድክ አትመለስ!»

ለመንኩት፣ ሽማግሌም ላክሁበት። እንቢ አለ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። መኳንንቱ ተጠርተው አዳራሹ ሞላ። ፒያኖውን አሳምሬ ቃኘሁት፤ ሥራዬን አላጎድልም። አንዲት ፈረንጅ ልትጫወት ተቀመጠች። ጣቷን ሳታሳርፍ ከመጋረጃው ኋላ ወጣሁና፣ «በጃንሆይ አምላክ! ጉዳዬ ሳይሰማ ይህ ፒያኖ እንዳይነካ!» አልኩ።

ያኔ በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው፣ ሹምም ቢሆን ይቆማል። ረግጦ ማለፍ ያስጠይቃል።

አለቃዬ እየሮጠ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ጋይንት መሰለህ?»

«ጃንሆይ የጋይንት ብቻ ናቸው እንዴ?» አልኩት።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፊታውራሪ ግን አልሳቁም። በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ቃሉ ወጥቷል፤ ሳይሰማ ማንም አይነካውም። በል ተናገር!»

«ሥራ ካሉኝ ይክፈሉኝ፣ ካልከፈሉኝ ልረስ። ሌላ ነገር የለኝም ጌታዬ።»

ፊታውራሪው ወደ አለቃዬ ዞሩ። «ትከፍላለህ ወይስ ይረስ?»

«ደንቡ እኮ ጌታዬ...»

«ደንቡን ተወው! እንግዳ ተቀምጧል።»

«እሺ፣ እከፍላለሁ» አለ።

«ዋስ ይጥራልኝ!» አልኩ።

«ኧረ ይሄስ ጉደኛ ነው!» ብለው ፊታውራሪው ራሳቸው ሳቁ። «ግን ልክ ነው። ዋስ ጥራ።»

ዋስ የሚሆን ጠፋ። አለቃዬን ላብ አጠመቀው። ፈረንጇ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አስረዷት። ከዚያ ብድግ አለችና እጇን አውጥታ በአማርኛ፣ «እኔ ዋስ» አለች። ከዚያ ቀን በፊት አይቻት አላውቅም፤ እሷም አታውቀኝም።

በዚያ ክረምት ደሞዜ መጣ። አራሽ ቀጠርኩበት፣ ገብሱም በጊዜው ተዘራ። አለቃዬ ከዚያ ወዲያ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ሰላምታው ይቅርብኝ።

ዛሬም «በዚያ ሁሉ መኳንንት ፊት አላፈርክም?» የሚለኝ አለ። ምን ያሳፍረኛል? የጠየቅሁት የላቤን ነው። ያቺ ሴትዮ ግን ባለችበት እግዜር ይስጣት።