የታጠፈችው ኳስ

ትናንት ልደታ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ፣ የልጅ ልጄ የመታት ኳስ አየር ላይ ታጥፋ ጎል ስትገባ አየሁና ደሜ ፈላ።

ልጅ ሆኜ የጌጃ ሰፈር በረኛ ነበርኩ። የሰንጋ ተራ ልጆች የመቷት፣ ጭቃ ጭቃ የምትሸት የካልሲ ኳስ እንደዚሁ ታጥፋ ገባችብኝ። ታላቅ ወንድሜ ጆሮዬን ያዘኝ።

«በስንት ከረሜላ ሸጥከን?»

«ልደታን፣ ጋሼ! ድንጋይ ከተውባት ነው የታጠፈችው!»

«ኳስ አይታጠፍም። የሚታጠፈው ሰው ነው።»

ቀድጄ እንዳላሳየው የሰንጋ ተራ ልጆች ኳሷን ይዘው ሮጡ። ጋሼ እንደጠረጠረኝ ሞተ።

የልጅ ልጄን ኳስ ተቀብዬ ጨመቅኳት፤ ምንም የለባትም።

«አባባ፣ ጎኗን ስትመታት ትሽከረከራለች፤ አየሩ ነው የሚያጥፋት» አለኝ።

አየር! ያን ቀን ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

«እስቲ ድገማት» አልኩት፣ ዓይኔን ከእግሩ ሳልነቅል።