እርጥብ ሳር ይዘን የሄድንበት ቤት

ጉደር ላይ ከባኮ የሚመጣውን በቆሎ የሚያራግፉ ሁለት የጫኝና አውራጅ ቡድኖች ነበሩ። መኪና በገባ ቁጥር ተራው የእኛ ነው ይባባላሉ፤ ከዚያ ድንጋይ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የቀበሌው የሰላም ኮሚቴ ውስጥ ገባሁና ከትምህርት ቤት መልስ የሰው ጠብ መስማት ሥራዬ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ነገሩ ከረረና የአንዱ ራስ ተፈነከተ። መታው የተባለው ወጣት ተሰወረ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ኮሚቴውን ጠራን፤ ልጁ መጥቶ ቃሉን ይስጥ፣ በዚያው ቀን በእናንተ ዋስትና ቤቱ ይገባል፣ ከዚያ እርቁን ጨርሱ አለን። አመንነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ አሁንም ክፉ ነው አልልም።

ልጁ የገባበትን የምታውቀው እናቱ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት። እኛ የኮሚቴው ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘን ደጇ ቆምን። እኛ ዘንድ ሳር ይዞ የለመነን ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ይህን እሷም እኛም እናውቃለን። ሳሩን ከእጃችን ተቀበለች። በማግስቱ ልጇን ራሷ ይዛው ጣቢያ መጣች።

አልተመለሰም። ከበላይ ትእዛዝ መጣ ተባለና ወደ አምቦ ወሰዱት። አዛዡ ዓይናችንን ማየት ከበደው፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ተዛወረ። ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትን። ነገ ኑ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ደከመኝ፤ ያ ድካም እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

እርቁ ግን ልጁ በሌለበት ሰመረ። የማራገፉ ተራ በሳምንት በሳምንት ተከፈለ፣ ሰንጋ ታረደ፣ የተፈነከተውም ከትናንት ጠላቶቹ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። አዲሱ አዛዥ ፖሊስና ሕዝብ እጅና ጓንት ናቸው ብሎ ንግግር አደረገ። አብረን አጨበጨብን።

በደንቡ የተጣሉት ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሡ ይቅር ብያለሁ ይላሉ። በልጁ ፋንታ እናቱ ተነሣች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ድምጿ ሽንኩርት ስትሸጥልኝ የማውቀው ድምፅ ነው።

«ጃርሶሌ፣ እናንተ ሽማግሌዎች፣ ከተጣሉት ጋር ታርቄአለሁ። ከእናንተ ጋር ግን ማን ያስታርቀኝ?»

ጉደር ውስጥ ከእኛ ሌላ አስታራቂ አልነበረም።