ከፌስታል የወጣው ፊላ

ወሎ ሰፈር መንገድ ዳር ችግኝ እሸጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት መጡና ከፌስታል ውስጥ ጭቃ የነካው፣ የተቀነጠሰ አገዳ አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ቄጠማ ነው?»

አገላብጬ አየሁት። ጫፉ ላይ እንደ ሻማ ወፈር ያለ ቡናማ አበባ አለው። ሁሉም ዋጋ እንጂ ስም ስለማይጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ።

«አይደለም እማማ። የቄጠማ አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ይሄ ድቡልቡል ነው። ፊላ ይባላል፣ የአገራችን ተክል ነው።»

«የት ነው የሚበቅለው?»

«ረግረግና ወንዝ ዳር። ሥሩ ውሃ ካላገኘ አይሆንለትም።»

«ላምበረት፣ አስፋልቱ ዳርስ?»

ሳቄ መጣ። «እዚያ እንኳን ፊላ ሣርም አይበቅልም! ይሄን የቀነጠሰው ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።»

እሳቸው አልሳቁም። አገዳውን ከእጄ ተቀብለው፣ እንዳይሰበር ተጠንቅቀው ወደ ፌስታሉ መለሱት።

«ባለቤቴን ላምበረት አስፋልት ላይ መኪና ገጨው ነው ያሉኝ፣ አብረውት የነበሩት ጓደኞቹ» አሉ። «ስንገንዘው ይሄን በእጁ ጨብጦት ነበር።»