ፊቱን ለመንገድ የሰጠ ወንበር

በቀብሯ ቀን የሕይወት ታሪኳን ያነበበው የሰፈራችን ሽማግሌ እናታችንን «አንገቷን ደፍታ፣ ድምጿ ሳይሰማ ኖራ ያለፈች» አላት። እህቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ከኋላችን የቆመው ሥጋ ሻጭ ደግሞ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ «የማንን ነው የሚያነብልን? የእኛዋ ስትስቅ እኮ መናኸሪያው ድረስ ይሰማ ነበር» አለ። በቀብር ላይ አይሳቅም፤ ብዙዎቻችን ከንፈራችንን ነከስን።

ይህን የምጽፈው ያንን ንባብ ለማረም ነው። እናቴ አንገቷን የምትደፋው የሰው ጺም ስትላጭ ብቻ ነበር።

አባታችን ጸጉር አስተካካይ ነበር። የቤታችን የፊተኛው ክፍል ጸጉር ቤቱ፣ የኋለኛው መኖሪያችን ነው። በመካከላቸው መጋረጃ እንጂ በር ስላልነበረ፣ እኔና እህቴ ያደግነው ሳሙና እየሸተተን፣ የመቀስ ድምፅ እየሰማን ነው። እናታችን ምላጩን ትስልለታለች፣ ፎጣውን ትቀቅልለታለች፤ ሲደክመው ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ የልጆችን ጸጉር ትቆርጥለታለች። ሕመም ድንገት ሲወስደው፣ ከሥራው እሷ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

የአባታችን ታላቅ ወንድምም ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሐዘኑ በረድ እንዳለ ዘመዶችን አስከትሎ መጣና የተመከረውን ነገራት። ወንበሩ ወደ እሱ ሱቅ ይሄዳል፤ ክፍሉ ይከራያል። እህቴ አክስታችን ቤት፣ እኔ እሱ ቤት እንገባለን። እናታችን ደግሞ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች።

«ሴት ልጅ የወንድ ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዛ ልትቆም ነው?» አለ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ሲጨርስ ይላጫል፣ ጋሼ» አለችው። «ልጆቼን ደግሞ እንደ ሰሃን አትከፋፈሏቸውም።»

አጎታችን ግድግዳው ላይ የነበረውን ትልቁን መስታወት አስወርዶ ወሰደ፤ ነገ ለወንበሩ ጋሪ ይዞ እንደሚመጣም ነግሯት ሄደ። ወንበሩ ከሌለ ጸጉር ቤት የለም፤ ጸጉር ቤቱ ከሌለ እኛ ሦስታችን አንድ ላይ የለንም። ይህ በዚያ ዕድሜዬ ለእኔም ገብቶኝ ነበር።

ጓሮ ውስጥ አባታችን አጥር ሊጠግንበት ያስቀመጠው ሲሚንቶ ነበር። እናታችን በዚያው ማታ የመንገዱን በር ዘግታ ወለሉን በዶማ ቆፈረች። እህቴ የወንበሩን መደገፊያ፣ እኔ የእግር ማሳረፊያውን ይዘን ያንን ወፍራም የብረት እግር ጉድጓዱ ውስጥ አስገባነው። እሷ ሲሚንቶውን ከአሸዋ ጋር አቡክታ ሞላችበትና በመጥበሻ ቂጥ ደልድላ አስተካከለችው። ከዚያ ሦስታችንም እንደ ሕመምተኛ ግራና ቀኝ ደግፈነው ቆየን።

ጠዋት በሩን ከፍታ ወደ ውጭ ወጣችና ዞር ስትል ወንበሩ አፍጥጦ ያያታል። ጀርባውን መስታወቱ ለነበረበት ግድግዳ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቷል። በጥድፊያው ወዴት እንደሚዞር ያሰበ አልነበረም። መሽከርከሪያው ዝጎ መዞር ከተወ ቆይቷል፤ ሲሚንቶው ደግሞ ድንጋይ ሆኗል። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እናታችን ወንበሩን በጉልበቷ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለችው፣ ወንበሩን።

አጎታችን ጋሪውን ይዞ መጣ። ጎትቶ ጎትቶ ሲያቅተው ላቡን ጠረገ።

«ደግሞ እኮ በተቃራኒው ነው የተከልሽው። እዚህ ላይ ተጎልቶ ለከተማው ሁሉ የሚታየው ማነው?»

«የማያፍር።»

«አንድ ወንድ ሲቀመጥበት ካየሁ እኔም መጥቼ እቀመጥበታለሁ።»

«ቃልዎ ነው፣ ጋሼ?»

«ቃሌ ነው» አለና ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ለረጅም ጊዜ ማንም ሊላጭ አልመጣም። እናታችን በየጠዋቱ በሩን ትከፍታለች፣ ወንበሩን ትወለውላለች፣ የሰፈር ልጆችን ጸጉር ትቆርጣለች። መጀመሪያ የመጣው ትልቅ ሰው ያ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር። የመጣውም በጓሮ በኩል ነው።

«ቶሎ በይልኝ፤ በሩንም ዝጊው» አላት።

«ጺምህን ነው የምላጨው ወይስ የሰረቅከውን ነው የምደብቅልህ? ዞረህ በፊት ለፊት ግባ።»

ቆም ብሎ አሰበና ዞሮ ገባ። ጉንጩ አረፋ ተሞልቶ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮ ለመንገዱ ተሰጣ። ስትጨርስ መስታወት አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ግን ሥራዋን ትታ ስታያቸው ቆይታለች።

«የግራው ይቀረዋል» ብላ ጮኸች።

እናታችን የግራውን ጨመረችለት። «አሁንስ?»

«አሁን ሰው መሰለ።»

በዚያው ልማድ ሆነ። እኛ ቤት የተላጨ ሰው የሚነሳው መንገደኛ አይቶ ሲያሰናብተው ነው። ፖስተኛው ቦርሳውን እንደያዘ ቆሞ ይፈርዳል፤ ተማሪዎች አስተማሪያቸውን «ከጀርባ ይዞሩልን» ይሉታል። በኋላ የእህቴ ባል ትልቅ መስታወት ገዝቶ ሲያመጣላት አመስግና ተቀበለችውና መኝታ ቤት ሰቀለችው። እኛን በዚያ ወንበር አሳደገችን፣ ዳረችን፤ የልጆቻችንን የመጀመሪያ ጸጉርም እዚያው ላይ ቆረጠች። ከተማው «ምላጭ» ብሎ ስም አወጣላት። ስትሰማ ደስ ይላት ነበር።

አጎታችን በቤታችን በኩል ሲያልፍ ማዶ ማዶውን፣ ፊቱን አዙሮ ነው። እሷም አንድ ቀን አላለፈችውም።

«ጋሼ፣ ቃልዎን ይዤዋለሁ።»

እርምጃውን ያፈጥናል። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምላጩን ለእህቴ ሰጥታ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላም ቃሉን የምታስታውሰው ከበርጩማዋ ላይ ሆና ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ቤቱ በዘመድ እንደተሞላ፣ አጎታችን በትሩን ተደግፎ መጣ። የእሱም እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ሱቁም ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኗል። ጺሙ እስከ ደረቱ ወርዷል።

«እንግዲህ እሷ የለችም» አለ። «ወንበሩ የወንድሜ ነው። ይነቀልና ክፍሉ ይከራይ።»

እህቴ ወደ ጓሮ ሄዳ ዶማውን አመጣችና ከፊቱ አቆመችው።

«እሷ የተከለችበት ዶማ ነው፣ አጎቴ። ይንቀሉት።»

ዶማውን አየው። ወደ ወንበሩ ሄዶ መደገፊያውን በእጁ ገፋ አደረገው። እንደገና ገፋው። አልነቃነቅ ሲለው ዞር አለና፣ ቀስ ብሎ፣ ተቀመጠበት።

እህቴ ሐሳቡን ሳይለውጥ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረችበት።

«በሩን መልሱት» አለ።

«ይሄ በር ሰው ሲላጭ አይዘጋም።»

አረፋውን ቀባችው። ጎረምሳ የነበረው ሥጋ ሻጭ፣ አሁን ሽበታም፣ ማዶ ካለው ሱቁ ወጥቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«የግራው ይቀረዋል» አለ።

እህቴ ወደ ግራው ዞረች። እኔ ዶማውን አንስቼ ወደ ጓሮ መለስኩት።